ከስንቅሽ ጋር የምታገኚው ደብዳቤ

እሙዬ፣ የኔ እመቤት፤

ነገ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ርቀሽ የጂምናስቲክ ካምፕ ልትገቢ ነው። እናትሽ ዳቦ ቆሎ ቋጥራልሻለች፤ እኔ ደግሞ ይቺን ልቋጥርልሽ።

ፎቶዋን ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሽው አሊ ሬይዝማን የሰፈራችን ልጅ ናት ማለት ይቻላል፤ ያደገችበት ኒድሃም ከዚህ ከቦስተን ወጣ ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን፣ በ2016 ሪዮ ላይ የአሜሪካ ቡድን አምበል ነበረች፤ 3 ወርቅ፣ 2 ብርና 1 ነሐስ አላት። ሪዮ ላይ በ22 ዓመቷ ጓደኞቿ "አያታችን" ይሏት ነበር አሉ። ጉድ እኮ ነው የእናንተ ስፖርት!

ሜዳሊያውንስ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። የምነግርሽ ሌላውን ነው። የብሔራዊ ቡድኑ ሐኪም ላሪ ናሳር በሕክምና ስም ለብዙ ዓመታት በልጃገረዶች ላይ ወሲባዊ ጥቃት ሲፈጽም ኖሯል። ሲያዩት ክፉ አይመስልም፤ አሰልጣኝ ሲቆጣ የሚያባብል፣ ስጦታ ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን፣ አንዳንዶቹን ወላጅ እዚያው ክፍል ተቀምጦ፣ በጀርባው እየከለለ ማጥቃቱ ነው። ስለዚህ እኔ አጠገብሽ መሆኔ ብቻ አይበቃም፤ የአንቺ አንደበት ያስፈልገኛል።

በ2016 ከተጠቂዎቹ አንዷ ሬቸል ዴንሆላንደር ስሟን ሳትደብቅ ለጋዜጣ ተናገረች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። በ2018 መጀመሪያ ሚሺጋን ፍርድ ቤት ከ150 በላይ ተጠቂዎች ቃላቸውን ሰጡ። ከእነሱ አንዷ የነበረችው አሊም ሰውየውን ፊት ለፊት እያየች ተናገረች፤ ዝም ያሉትን የስፖርት አለቆችም አልማረቻቸውም። ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ተፈረደበት። በ2021 ደግሞ ከቡድን ጓደኛዋ ከሲሞን ባይልስ ጋር ሴኔት ፊት ቀርባ፣ ኤፍ ቢ አይ ጥቆማው በ2015 ደርሶት ሳለ ነገሩን ችላ ማለቱን አወገዘች። እኔ ከወርቋ ይልቅ የምኮራባት በዚህ ነው።

እሙዬ፣ "ታላቅሽን አክብሪ" ብለን ነው ያሳደግንሽ፤ አሁንም አክብሪ። ያለአግባብ የሚነካሽ ሰው ግን ሐኪም ይሁን አሰልጣኝ፣ ዘመድ ይሁን የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ክብሩን በገዛ እጁ ጥሎታል። እጁን እንዲያነሳ ንገሪው፤ ጩኺ፤ ጥለሽ ውጪ። ደንግጠሽ ቃል ቢያጥርሽም፣ ከዓመታት በኋላ ብትናገሪም፣ ጥፋቱ የእሱ እንጂ የአንቺ አይደለም። "ሰው ምን ይላል?" የሚለውን ለእኔ ተዪልኝ። አባቴ ይቆጣል፣ ቤተሰቤ ይዋረዳል ብለሽ አንዲት ነገር እንዳትደብቂኝ።

ስልኬ ሌሊትም ክፍት ነው። ምክንያቱን መናገር ቢከብድሽ "አባዬ፣ ና ውሰደኝ" ማለት ይበቃል። ቡድኑም ሜዳሊያውም ይቅር፤ በዚያው ሌሊት መኪናዬን አስነስቼ እመጣለሁ።

አባትሽ