ጎማውን ከመቀየራችሁ በፊት አንብቡት



ሰሞኑን የሽንኩርት ቅጠል ፎቶ በሚላክበት ስልኬ የጎማ ፎቶ እየመጣ ነው። «ባለሙያው፣ የፒክአፓችን የፊት ጎማ በአንድ በኩል ብቻ እያለቀ ተቸገርን፤ አዲስ እንግዛ ወይስ ሌላ መላ አለው?» ትላላችሁ። እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ ሙያዬ ሰብል ነው። ግን እዚህ ፎገራ ሜዳ ላይ ያመረታችሁት ሽንኩርትና ቲማቲም ገበያ ካልደረሰ ገንዘብ አይሆንም። ቲማቲም ደግሞ «ጎማ ፈንድቶብን ነው» ብትሉት አይጠብቃችሁም። ስለዚህ ዛሬ ማዳበሪያውን እንተወውና ስለ ጎማ እናውራ።

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። የበሬያችሁ አንገት ቢላጥ ምን ታደርጋላችሁ? ቁስሉን ታክማላችሁ፣ እሺ። ግን ቀንበሩን ሳታዩ በማግስቱ መልሳችሁ ትጠምዱታላችሁ? አታደርጉትም። ቀንበሩ ጎርብጦ እንደሆነ፣ ማነቆው ጠቦ እንደሆነ፣ ወይም አንዱ በሬ ወደ ውጭ እየሳበ እንደሆነ ታያላችሁ። ቁስሉ ያለበት ቦታ ራሱ ይነግራችኋል። ጎማም እንደዚያው ነው። የተበላው ጎማ ቁስሉ ነው፤ ቀንበሩ ሌላ ቦታ አለ። ቀንበሩን ሳታስተካክሉ አዲስ ጎማ ብትገዙ፣ አዲሱም እንደ አሮጌው ያልቃል።

ይህን ያየሁት በምሠራበት ቀበሌ ባሉ አምስት አርሶ አደሮች መኪና ላይ ነው። የውኃ መሳቢያ ሞተር በጋራ ገዝተው ለዓመታት አብረው የሠሩ ናቸው፤ ኋላ ገንዘብ አጠራቅመው ያገለገለ ሃይሉክስ ፒክአፕ ገዙ። የሚነዳው የአንደኛው ልጅ ነው፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ጨዋ ልጅ። በመጀመሪያው የመስኖ ወቅት ሁለቱ የፊት ጎማዎች አለቁ። ድሮም አሮጌ ስለነበሩ ማንም አልገረመውም፤ አዲስ ተገዛ። አዲሶቹም ሽንኩርቱ ተነቅሎ ሳያልቅ ከውስጥ በኩል ሽቦ አወጡ። ከውጭ ላየው ሰው ግን ጥርሳቸው ገና ነው።

ይኼኔ ነው ነገሩ የከፋው። «ልጁ ነው የሚፈጀው፣ ኮረኮንቹን እንደ አስፋልት ነው የሚበርበት» አሉ አንዱ። ሌላው «ሌሊት ሌሊት ለራሱ ሥራ ያወጣዋል» እስከ ማለት ደረሱ። የልጁ አባት ተቆጡ። ስብሰባ ተጠራ፤ እኔም ለሌላ ጉዳይ ሄጄ እዚያው ደረስኩ። የቀረበው ሐሳብ ሁለት ነው፦ ልጁን ማስወጣት ወይም መኪናውን ሽጦ ገንዘቡን መከፋፈል። ስንት ዓመት የተገነባ መተማመን በሁለት ጎማ ሊፈርስ ነው። በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ ግን «ሰው ላይ ከመፍረዳችን በፊት መኪናውን እናስመርምር፤ ልጁ ጥፋተኛ ከሆነ ነገም አያመልጠን» አሉ።

ባሕር ዳር ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ተወሰደ። ዘር ለማምጣት መንገዴ ስለነበር እኔም አብሬ ሄድኩ። ሰውዬው ሞተር አልከፈቱም። መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረው የጎማውን ፊት ወደ ውጭ አወጡና መዳፋቸውን ጥርሱ ላይ አሳለፉ። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲያሳልፉት ለስላሳ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲመልሱት እንደ ማጭድ ጥርስ ይይዛል። እኔንም «ና ንካው» አሉኝ። በሁለቱም ጎማ ያው ነው። «ልጁን ተዉት፤ እነዚህ ጎማዎች ወደ ጎን እየተጎተቱ ነው የኖሩት» አሉ።

በክሪክ አንሥተው ጎማውን ግራና ቀኝ ሲያወዛውዙት ቋ ቋ አለ። መካኒኮች ታይሮድ የሚሉት የመሪ ዘንግ ጫፉ ላይ ያለው መገጣጠሚያ ተበልቶ ላልቷል። እንዲህ ያለው መኪና ከኋላ እግሩ እየተገፋ ሲሄድ መንገዱ የፊት ጎማዎቹን ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። መገጣጠሚያው ሲላላ ደግሞ ፊታቸውን ወደ ውጭ ይከፍታሉ፤ እንደተኳረፉ በሬዎች አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይስባል። መገጣጠሚያው ተቀየረ፣ አላይመንቱ ተስተካከለ። ወጪው ከአንድ አዲስ ጎማ ዋጋ በታች ነበር። ልጁ እስከ ዛሬ እየነዳ ነው።

«ትንሽ ብትጣመም ምን ታመጣለች?» የምትሉ ካላችሁ ሂሳቡን አብረን እንሥራ። የጎማው ቁመት 70 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። በሁለቱ የፊት ጎማዎች መካከል ያለው ስፋት ከፊት በኩል ከኋላው በ10 ሚሊ ሜትር ቢበልጥ፣ የእያንዳንዱ ጎማ ድርሻ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ይህም ማለት ጎማው በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 7 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይፋቃል። ከወረታ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ሲሄድ ከ400 ሜትር በላይ አስፋልት ላይ እየተፋቀ ተጎተተ ማለት ነው። የትኛው ጎማ ይችለዋል?

አሁን ወደ ራሳችሁ ጎማ እንምጣ። መኪናውን ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ፣ መሪውን አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩና የጎማውን ሙሉ ፊት ተመልከቱ። ቆሞ ከጎን በማየት ብቻ የውስጡ ጠርዝ አይታይም፤ ሰው የሚጎዳው ደግሞ ያልታየው ነው። ሽቦ ሊወጣ ስለሚችል መዳፋችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉ። ከዚያ እንዲህ አንብቡት፦

1. ሁለቱም ጠርዝ ተበልቶ መሐሉ ጥርስ ካለው፣ ንፋስ አንሶታል። ይህ በጭነት መኪና ላይ አደገኛ ነው፤ ንፋስ ያነሰው ጎማ እየታጠፈ ይግላል፣ የጋለ ጎማ ደግሞ ይፈነዳል።

2. መሐሉ ተበልቶ ጠርዞቹ ደህና ከሆኑ፣ ንፋስ በዝቶበታል።

3. የሁለቱም ጎማ የውስጥ ጠርዝ ከተበላና ከውጭ ወደ ውስጥ ስትዳስሱት ከያዘ፣ ጎማዎቹ ፊታቸውን ወደ ውጭ ከፍተዋል። የውጩ ጠርዝ ተበልቶ ከውስጥ ወደ ውጭ ስትዳስሱት ከያዘ ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው፤ ፊታቸውን ከመጠን በላይ ወደ ውስጥ አዙረዋል።

4. አንዱ ጎማ ብቻ በአንድ ጠርዝ ከተበላና ሲዳሰስ ለስላሳ ከሆነ፣ ያ ጎማ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ አናቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ዘንበል ብሏል። ጉድጓድ ወይም ድንጋይ መትቶት የተጣመመ ብረት፣ ያለቀ ቡሽ ወይም የላላ ቦል ጆይንት ሊኖር ይችላል።

5. እዚህም እዚያም እንደ ሲኒ ጎድጎድ ካለ፣ ጎማው እየነጠረ ነው የሚሄደው። ያለቀ ሾክ አብዞርበር፣ የላላ ኩሽኔታ ወይም የባላንስ ጉድለት አስመርምሩ።

6. አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጠፍጣፋ ከሆነ፣ ፍሬን ተይዞ ጎማው ሳይዞር የተጎተተበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ መወዝወዝ ነው። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ከኋላ ጎማዎች ፊትና ኋላ ድንጋይ አድርጉ፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አንሡ። አደራ! መኪና በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ ማንም ሥሩ አይግባ፤ ክሪክ ይንሸራተታል። ውጭ ሆናችሁ ጎማውን ግራና ቀኙን ይዛችሁ አወዛውዙ፤ ቋ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የመሪው መገጣጠሚያ ነው። ከዚያ ላይና ታቹን ይዛችሁ አወዛውዙ፤ በዚህኛው ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታ ወይም ቦል ጆይንት ነው።

የጎማዎቹን ፊት ለመለካት ደግሞ ማሳ የምትለኩበት ሜትር ይበቃል። ለጥ ባለ ቦታ መሪውን ቀጥ አድርጉ። በሁለቱም የፊት ጎማዎች ላይ፣ በፊት በኩል፣ በጥርሱ መሐል፣ ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። በጎማው እምብርት ከፍታ ቢሆን ይመረጣል፤ ሜትሩን የሚነካው ብረት ካለ ግን ትንሽ ዝቅ አድርጉት። በምልክቶቹ መካከል ያለውን ለኩና ጻፉ። ከዚያ መኪናውን ወደ ፊት ብቻ ገፍታችሁ ምልክቶቹ በኋላ በኩል እዚያው ከፍታ ላይ ሲደርሱ እንደገና ለኩ። የፊቱ ከበለጠ ተከፍቷል፣ የኋላው ከበለጠ ወደ ውስጥ ገብቷል። የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት ጤናማ ሊሆን ይችላል፤ ወደ 10 ከተጠጋ ግን አታመንቱ፣ አላይመንት ወደሚሠራበት ውሰዱት። ይህ ልኬት ለመጠርጠር ነው፤ ማስተካከሉን ለባለ ማሽኑ ተዉለት።

ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። መጀመሪያ የላላው ይቀየር፣ ቀጥሎ አላይመንት ይስተካከል፣ ጎማ የሚገዛው ከዚያ በኋላ ነው። መገጣጠሚያው ላልቶ እያለ አላይመንት ብታሠሩ ከማሽኑ ወርዶ አንድ ጉድጓድ ሲመታ ተመልሶ ይበላሻል። ጎሚስታው «ከኋላ ጋር ላቀያይረው» ቢላችሁም መጀመሪያ ምክንያቱ ይታወቅ፤ አለበለዚያ ደህና የነበሩትን የኋላ ጎማዎች ወደ በሽታው ማምጣት ነው የሚሆነው።

ንፋሱን ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኩ፤ ጎማ ሲሞቅ ልኩ ከፍ ይላል። ትክክለኛው መጠን ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር በኩል በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፣ ለባዶና ለጭነት ለየብቻው የተጻፈበትም ይገኛል። ጭነት ላይም ልከኛ ሁኑ። ከኋላ ከልክ በላይ ስትጭኑ የፊቱ ይነሣል፣ መሪው ይቀላል፣ የፊት ጎማዎቹ አቋቋምም ይለወጣል።

ሽቦ ያወጣ ጎማ ደግሞ «ይቺን ጭነት ብቻ» አይባልበትም። ከሽንኩርቱ ጆንያ ላይ ሰው እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን። የፊት ጎማ ሲፈነዳ መሪው ከሹፌሩ እጅ ያመልጣል። ያን ዕለት ስኮርታውን ግጠሙና ቀስ ብላችሁ ወደ ጎሚስታ ሂዱ፤ ጭነቱ ይደር።

ያገለገለ ጎማ የምትገዙም ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች ፈልጉ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ያረጀ ጎማ አለ፤ ጎኑ የተሰነጣጠቀውን አትግዙ።

ፎቶ ስትልኩልኝ ሦስት አድርጋችሁ ላኩ፦ የግራውን ሙሉ ፊት፣ የቀኙን ሙሉ ፊት፣ ስትዳስሱት በየትኛው አቅጣጫ እንደሚይዝ ደግሞ በጽሑፍ። እኔ የማላውቀውን መካኒክ ጠይቄ እመልስላችኋለሁ። በሚቀጥለው ሽንኩርት ሳይበሰብስ ስለሚቆይበት መጋዘን እንነጋገራለን። እስከዚያው ቸር ያሰማን።