የአደራ ውሻ

ቦቢ እኛ ግቢ ከገባ ዛሬ 7 ወር ሞላው። ስቀበለው «ለ1 ወር ብቻ» ብዬ ነበር።

የጎረቤቶቻችን ውሻ ነው። 11 ዓመት ግቢያቸውን ጠብቋል። ኮንዶሚኒየም ደርሷቸው ሲሄዱ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ረከቦቱ ሳይቀር ተጫነ፤ ቦቢ ከነሰንሰለቱ ቀረ። አልፈርድባቸውም፤ ሰው የሚናከስ ሽማግሌ ውሻ 4ኛ ፎቅ ላይ ይዞ መኖር ከባድ ነው። ግን ባዶ ግቢ ውስጥ ሳምንት ሙሉ ሲያላዝን ሰማሁት። ሰፈርተኛው «መርዝ ይሰጠውና ይገላገል» ማለት ሲጀምር ሄጄ አመጣሁት።

ድሮ እንደ ብዙዎቹ የአዲስ አበባ የግቢ ውሾች ቀን ታስሮ ሌሊት ይፈታ ነበር። አንድ ጊዜ ሰው ነከሰና ሌሊቱንም ተቀማ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈተና ነበሩ። ሳህኑ አጠገብ ሰው ካለፈ ጥርሱን ያወጣል። ጃንጥላ ሲያይ መሬት ላይ ተለጥፎ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቶ ያላዝናል። በ4ኛው ቀን በተኛበት ከኋላው ሄጄ ጀርባውን ስነካው እጄን ነከሰኝ።

ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቤ በቀጥታ ወደ ሕክምና ሄድኩ፤ ክትባቱንም ጀመርኩ። እናንተም ይህን አትዘንጉ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ ገዳይ ነው፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም እስከ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው። የነከሳችሁ የራሳችሁ ውሻ ቢሆንም ቸል አትበሉ።

ከዚያ ቦቢን የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ አፉን ከፍቶ አሳየኝ። ሰንሰለት ሲያኝክ ኖሮ 2 ጥርሶቹ ተሰብረው ድዱ መግሏል። የኋላ እግሮቹ መገጣጠሚያ ያመዋል። ጆሮውም ደክሟል። «ስትመጣ አልሰማህም። ደንግጦ ነው የነከሰህ» አለኝ።

ክፉ ያልነው ውሻ ሕመምተኛ ነበር። ሲያጉረመርም «አትንኩኝ፣ ያመኛል» እያለ ነበር። ሲያጉረመርም የሚመታ ውሻ ፍርሃቱ አይለቀውም፤ ድምፁን ብቻ ይውጣል፤ ሌላ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ጥርሶቹ ተነቀሉ፤ ለመገጣጠሚያው መድኃኒት ታዘዘለት። የሰው ማስታገሻ ውሻን ሊመርዝ ስለሚችል ከቤት ምንም እንዳልሰጠው ተነገረኝ። እኔም ልማዴን ቀየርኩ። ከፊት ለፊቱ እንጂ ከኋላው አልመጣም። ከተኛ መሬቱን በእግሬ መታ መታ አደርጋለሁ፤ ንዝረቱ ይቀሰቅሰዋል። ሲበላ ከሩቅ ቁራጭ ሳንባ ወርውሬለት እመለሳለሁ፤ በየሳምንቱ አንድ እርምጃ እቀርባለሁ። አሁን ወደ ሳህኑ ስጠጋ ጭራውን ይቆላል። የሚጨምርለት ሰው እንደመጣ አውቋል።

እማዬ መጀመሪያ «ውሻ በረንዳዬን እንዳይረግጥ» ብላ ነበር። ሁዳዴ ገብቶ ሥጋ ቤቶች ሲዘጉ ግን 55ቱን ቀን ራሷ እየጾመች ለእሱ እንቁላል ትቀቅል ነበር። ስጠይቃት «አልዓዛርን ሰው ሲንቀው ቁስሉን የላሱለት ውሾች አይደሉም እንዴ?» አለችኝ።

ከሁሉ አንጀቴን የበላው የሰንሰለቱ ነገር ነው። ከፈታሁለት በኋላም ከ2 ሜትር አያልፍም። እዚያው ይዞራል፤ ሰንሰለቱ ያልቅበት የነበረው ቦታ ሲደርስ በራሱ ይቆማል።

የሌላ ሰው የሆነውን ተቀብሎ መጠበቅን አደራ እንለዋለን። እኔም አደራ ተቀበልኩ ብዬ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ግን አደራውን ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ይባላል። ቦቢ ግን ላልበላበት ቤትም ጮኋል። እነዚያን ሁሉ ዓመታት በእሱ ድምፅ ተማምኜ ተኝቻለሁ፤ አንድ ቀን ቁራሽ አልወረወርኩለትም። ሲጮኽ የሰፈሩ ሁሉ ነበር፤ ሲያረጅ የማንም አልሆነም። ታዲያ አደራ በላው ማን ነው?

ቤት ልትቀይሩ የተዘጋጃችሁ ወዳጆቼ፣ የጭነት መኪናውን ከመጥራታችሁ በፊት ስለ ውሻችሁ ተነጋገሩ። ግቢ ያለው ዘመድ ወይም ጓደኛ ጠይቁ። መያዝ የምትችሉ ደግሞ ለ1 ወርም፣ ለ2 ወርም ቢሆን ተቀበሉ። ቀላል ነው አልላችሁም፤ እንቅልፍም ገንዘብም ይፈልጋል። ቦቢን ልውሰደው ብሎ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም፤ ሽማግሌ ውሻ ፈላጊ የለውም። እኔም «ለ1 ወር ብቻ» ማለቴን ትቻለሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ዶፍ ሲጥል ቦቢ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ተነሳ። እንደ ልማዱ 2 ሜትር ሄዶ ቆመ። መሬቱን አሸተተ። ከዚያ እያነከሰ አለፈና በረንዳው ላይ ወጥቶ እማዬ እግር ሥር ተኛ።

እማዬ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቦታ ለቀቀችለት።