«እኔ ጋ ይሠራል»

ባለቤቴ ደሴ የሄደችው በድንገት ነው። እናቷ ደረጃ ላይ ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው ስለተሰበረ፣ ወሬውን በሰማች ማግሥት ንጋት ላይ አውቶቡስ ያዘች። ከመሄዷ በፊት በነበረው ምሽት ሻንጣዋን እያዘጋጀች ብዙ ነገር ስትነግረኝ እኔ ላፕቶፔ ላይ አፍጥጬ «እሺ» እል ነበር። ስንት ጊዜ «እሺ» እንዳልኩ አላውቅም። ከነገረችኝ ውስጥ ዛሬ የማስታውሰው የልጃችንን የትምህርት ቤት መውጫ ሰዓትና የሊጥ ቡሃቃውን ነገር ብቻ ነው።

ላፕቶፑ ላይ ምን ነበረ? የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ነው። ሰርቨሮቻችን የሚሠሩት ፍሪቢኤስዲ በሚባል፣ የዩኒክስ ዘር በሆነ ሲስተም ነው። በየቅርንጫፉ ያሉት የኔትወርክ መሣሪያዎች መሥራት አለመሥራታቸውን በየአምስት ደቂቃው የሚጠይቅ በፐርል የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም አለን። ፐርል እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ የፕሮግራም ቋንቋ ነው፤ አዲሶቹ ልጆች ይስቁበታል፣ እኔ ግን እንጀራዬን በልቼበታለሁ። ፕሮግራማችን ከመሣሪያዎቹ ጋር የሚነጋገረው አንድ የማላውቀው ሰው ጽፎ በነፃ ባካፈለው ሞጁል አማካይነት ነው። ይህ ሞጁል በፍሪቢኤስዲ ተዘጋጅተው ከሚገኙት ጥቅሎች መካከል ስላልነበረ ለዓመታት በእጄ እየገለበጥኩ ስጭነው ኖሬያለሁ። ሰርቨር በተበላሸ ቁጥር ሌሊት የሚደወለው ለእኔ ነው። ማንም ሰው በአንድ ትእዛዝ እንዲጭነው በወጉ ላሽገው ብዬ የተነሳሁት በዚያው ሰሞን ነበር።

ማሸግ ምን ማለት እንደሆነ ውጭ አገር ላለ ልጁ በርበሬና ሽሮ የላከ ሰው አያጣውም። ውስጡ ያለው ይጻፋል፣ ይመዘናል፣ ይታሸጋል፣ የላኪው ስም ይሰፍርበታል። እዚህም ሜክፋይል የሚባል አጭር ጽሑፍ አለ፤ የሞጁሉን ስም፣ ስሪቱንና የሚወርድበትን ቦታ ይይዛል። የፐርል ሞጁሎች እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የሚገኙት ሲፓን በተባለ የጋራ ጎተራ ነው። ሌላው ፋይል የወረደውን ዕቃ መጠንና 64 ፊደልና ቁጥር ያለውን አሻራውን ይመዘግባል፤ ከዕቃው አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አልቀበልም ይላል። ሜክፋይል ውስጥ ደግሞ የትእዛዝ መስመር በታብ ካልጀመረ አይሠራም። ስምንት ባዶ ቦታ ለዓይን ከታብ አይለይም። በዚህ አንድ ሙሉ ማታ አቃጥያለሁ፤ መሥሪያ ቤት ላለ ሰው ግን አልተናገርኩም።

«ተጠሪ» የሚል መስመር አለ፤ የራሴን አድራሻ ጻፍኩበት። ደስ አለኝ። ከእሱ በታች ዋናው መስመር ይመጣል፦ ይህ ጥቅል ሲሠራ ሌላ ምን ምን ይፈልጋል? አስቸጋሪው እሱ ነው። አንድ ነገር ሳይጻፍ ቢረሳ፣ የተረሳው ነገር ድሮ በራስ ኮምፒውተር ላይ ተጭኖ ከነበረ ሁሉም ያለ እንከን ይሄዳል። ለዚህ ሲባል ፑድሪየር የሚባል መሣሪያ ተሠርቷል። በእያንዳንዱ ጊዜ ባዶ ክፍል ያዘጋጅና የተጻፈውን ብቻ አስገብቶ ጥቅሉን እዚያ ውስጥ ይሠራል። ባለቤቴ በሄደች በአምስተኛው ቀን፣ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ፣ ጥቅሌ ባዶውን ክፍል አለፈ። ወንበሬ ላይ ተንጠራራሁ።

ያኔ ነው የልጄን ትንፋሽ የሰማሁት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። «አባዬ፣ ደረቴ» አለችኝ። ኢንሄለሯን ከመሳቢያው አወጣሁ። ነቀነቅኩት፤ ቀለለኝ። ስጫነው ምንም አልወጣም። እናቷ ጋ ደወልኩ፣ አይነሳም። ደጋግሜ ደወልኩ። ልጄን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከአራተኛ ፎቅ ስወርድ የቱ ፋርማሲ በዚህ ሰዓት እንደሚከፍት እንኳ እንደማላውቅ ገባኝ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉትን ጎረቤታችንን አንኳኳሁ፤ መኪና ያለው ሰው ካለ ብዬ።

እትዬ በነጠላቸው ወጥተው ልጅቷን አዩና መልስ ሳይሰጡኝ ወደ ውስጥ ተመለሱ። ሲመጡ በእጃቸው አዲስ ኢንሄለር ይዘዋል።

«ሚስትህ እኔ ጋ አስቀምጣ ነው የሄደችው። ሁልጊዜም አንዱ እኔ ጋ ነው። አልነገረችህም እንዴ ልጄ?»

ነግራኛለች። «እሺ» ብያለሁ።

ልጄ እዚያው ሳሎናቸው ውስጥ ሳበች፤ ትንፋሿ ቀስ በቀስ ረጋላት። እትዬ ምንም አላሉኝም። ሌሊቱን አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ አነጋሁ።

ጠዋት መሥሪያ ቤት የሥራ ባልደረባዬ ጥቅሌን አዲስ ሰርቨር ላይ ጫነው። ወዲያው ገባ። ፕሮግራሙን ሲያስነሳው ግን ስህተት ጻፈና ቆመ፦ አይኦ ሶኬት ኤስኤስኤል የሚባለውን ሞጁል ማግኘት አልቻልኩም።

«እኔ ጋ ይሠራል» አልኩት። ሌላ ሰው ሲለኝ የሚያናድደኝ ዓረፍተ ነገር ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞጁሉ አይኦ ሶኬት ኤስኤስኤልን የሚጠራው ግንኙነቱ በምስጢር ቁልፍ እንዲሆን ሲጠየቅ ብቻ ነው። ሲታሸግ አይጠራውም፤ ከሞጁሉ ጋር የመጡት ሙከራዎችም አይነኩትም። ባዶው ክፍል ስላልጠየቀው አላጣውም። እኔ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ለሌላ ጉዳይ ከጫንኩት ዓመታት አልፈዋል። የሞጁሉ ጸሐፊ ይህን ከሚያስፈልጉት ዝርዝር ውስጥ ባለማስገባቱ ተናድጄ ኢሜይል ልጽፍለት ጀመርኩ፤ ማስረጃ እንዲሆነኝ መመሪያውን ከፈትኩት። መመሪያው ውስጥ ጽፎታል፤ በግልጽ፣ በሁለት ዓረፍተ ነገር። ኢሜይሉን ደመሰስኩት።

ማስተካከሉ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አንድ መስመር ጨመርኩ፣ የጥቅሉን የእርማት ቁጥር በአንድ ከፍ አደረግኩ፣ አለቀ።

ባለቤቴ የደወለችው እኩለ ቀን ላይ ነው። ሌሊቱን ሆስፒታል አድራ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች። ከዚያ «ነግሬህ ነበር እኮ» አለችኝ፤ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንድ በአንድ ንገሪኝ፣ ልጻፈው» አልኳት።

«አሁን?»

«አሁን።»

አርባ ደቂቃ አወራች። ውሃ ማክሰኞና ዓርብ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ በርሜሉ ካልተሞላ እስከሚቀጥለው የለም። የመብራት ካርድ ሲያልቅ ፍሪጁ ውስጥ ያለው ምን እንደሚሆን። የእድሩ መዋጮ ለማን እንደሚሰጥ። እንጀራ የምትጋግርልን ሴት ሐሙስ ስትመጣ ልጇን ይዛ ስለምትመጣ ምሳ ለሁለት ነው። ኢንሄለሩ መቼ እንደተጀመረ በቀን መቁጠሪያው ጀርባ በእርሳስ እንደሚጻፍ። ያ ቀን መቁጠሪያ ከራስጌዬ ነው የተሰቀለው። በየቀኑ አየዋለሁ፤ ጀርባውን ግን ገልብጬ አላውቅም። የደብተሩ አምስት ገጽ ሞላ። መሃል ላይ «እሱን እንኳ አታውቅም?» ብላ ሳቀች፤ ቀጥሎ ግን አልሳቀችም።

በሦስተኛው ሳምንት አማቴ በክራንች መቆም ሲጀምሩ ተመለሰች። ደብተሩን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ አገኘችው። ቆማ አነበበችው፤ ሁለት የተሳሳቱ አስተካከለች፤ የረሳችውንም አንድ ጨመረች። ከዚያ ምን እያደረገች እንደሆነ ሳትነግረኝ በሰባቱ መስመሮች አጠገብ የእኔን ስም ጻፈች። ኢንሄለሩ አንዱ ነው። ውሃውም አለበት። ዛሬ ዓርብ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በፊት አይመጣም።