በልጆች እርምጃ ልክ

አንድ መጽሐፍ አንብበው ሲጨርሱ «ይህን የጻፈው ሰው የት ኖሮ ይሆን? የረገጠው መሬትስ ምን ይመስላል?» ብለው ጠይቀው ያውቃሉ? እኔና ባለቤቴን ይህ ጥያቄ ጫማችንን አስጠልቆ መንገድ አስጀምሮናል። ለንደን የምትኖረውን እህቷን ልንጠይቅ በሄድንበት ጊዜ ሁለት ቀን ቆጥበን፥ ጆን ቡንያን ወደ ታሰረበት ወደ ቤድፎርድ አቀናን። ከለንደን በባቡር አንድ ሰዓት ያህል ነው። ዛሬ እርስዎንም ከትዳር ጓደኛዎ ጋር ይዤ እዚያው ላዞርዎ እወዳለሁ።

መጽሐፉን አብዛኞቻችን እናውቀዋለን። በእንግሊዝኛ «ፒልግሪምስ ፕሮግረስ» ይባላል። የመጀመሪያው ክፍል የታተመው እ.ኤ.አ. በ1678 ሲሆን፥ ከዚያ ወዲህ ከ200 በሚበልጡ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በአማርኛም ከ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ተነብቧል፤ የተረጎመውም ከቀደሙት የወንጌል አገልጋዮች አንዱ የነበረው ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ነው። ክርስቲያን የሚባለው ሰው በጀርባው ከባድ ሸክም ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ይወጣል፤ በተስፋ መቁረጥ ረግረግ ይሰምጣል፤ ሸክሙ በመስቀሉ ሥር ይወድቅለታል፤ በከንቱነት ገበያ ይሰደባል፤ በመጨረሻም ወንዙን ተሻግሮ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ይገባል።

ነገር ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ክርስቲያን ከቤቱ ሲወጣ ሚስቱና ልጆቹ ምን ሆኑ?

መጽሐፉ አይደብቀውም። ተመለስ ብለው እየጮኹ ሲጠሩት ጣቶቹን በጆሮዎቹ ከትቶ ሮጠ ይላል። እኔ በዚህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬበታለሁ። «ቆራጥነት ማለት ይህ ነው!» እያልሁ ጉባኤውን አሜን አሰኝቻለሁ። አንድ ምሽት ግን በወር ውስጥ ከሦስተኛው የአገልግሎት ጉዞዬ ስመለስ ባለቤቴ እራት አቀረበችልኝና በቀስታ እንዲህ አለችኝ፦ «አንተም እንደ ክርስቲያን ጣትህን በጆሮህ ከተሃል። እኛ ግን የጥፋት ከተማ አይደለንም።»

መልስ አልነበረኝም። ያን ንግግር በልቤ ይዤ ነው ወደ ቤድፎርድ የሄድሁት።

ኤልስቶ፦ ሁለት መጻሕፍት የያዘች ሙሽራ

ቡንያን እ.ኤ.አ. በ1628 የተወለደው ከቤድፎርድ በስተ ደቡብ ባለችው በኤልስቶ መንደር ነው። ከከተማው በእግር ከአንድ ሰዓት በታች ይወስዳል። አባቱ ከመንደር መንደር እየዞረ የብረትና የመዳብ ድስት የሚጠግን ነበር፤ ልጁም ያንኑ ሥራ ያዘ። ብረት የሚቀጠቅጥበት መስፍ ዛሬ ቤድፎርድ ባለው ሙዚየም ይታያል። ይህን የመሰለ ሸክም ይዞ በጭቃ መንገድ የተመላለሰ ሰው፥ ሸክም የተጫነውን መንገደኛ ለመሳል ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም።

በኤልስቶ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ አለ። ወጣቱ ቡንያን በሰንበት ቀን እዚያ እየተጫወተ ሳለ ኃጢአቱን ትቶ ወደ ሰማይ መሄድ ይሻለው እንደሆነ የሚጠይቅ ድምፅ በልቡ እንደሰማ ጽፏል። በሜዳው አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን የደወል ማማው ከሕንጻው ተለይቶ ለብቻው ቆሟል። ቡንያን ደወል መደወል ይወድ ነበር። ኋላ ግን ሕሊናው ሲወቅሰው ተወው፤ ቆሞ ሲመለከት እንኳ ደወሉ ይወድቅብኛል፥ ማማው ይናድብኛል እያለ ይሰጋ ነበር።

ለባልና ሚስት ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ታሪክ አለ። ቡንያን ሲያገባ እርሱም ሚስቱም እጅግ ድሆች ነበሩ። በሁለቱ መካከል አንድ ሳህንና አንድ ማንኪያ እንኳ እንዳልነበራቸው ራሱ ጽፏል። የሙሽራይቱ ንብረት አባቷ ሲሞት የተወላት ሁለት መንፈሳውያን መጻሕፍት ብቻ ነበሩ። እነዚያን ሁለት መጻሕፍት አብረው ያነቡ ነበር። ስሟን ታሪክ አላቆየልንም፤ ነገር ግን ያን ድስት ጠጋኝ ወደ እግዚአብሔር ነገር ያዘነበለችው እርሷ ናት። በዛሬ ሠርጋችን ስለ መኪናና ስለ አዳራሽ ስንጨነቅ፥ ይህች ስም የለሽ ሙሽራ ይዛ የገባችውን ጥሎሽ ብናስብ መልካም ነው።

ቤድፎርድ፦ የወህኒውና የኤልሳቤጥ መንገድ

በቤድፎርድ ጎዳና ላይ ቡንያን ጥቂት ድሆች ሴቶች በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ስለ አዲስ ልደት ሲነጋገሩ ሰማ። ሃይማኖት አውቃለሁ ይል የነበረው ሰው እነርሱ ያላቸው እርሱ ዘንድ እንደሌለ ተረዳ። በእነርሱም በኩል ወደ ማኅበራቸው ገባ፤ ቆይቶም ሰባኪ ሆነ።

የመጀመሪያ ሚስቱ አራት ልጆች ትታ ሞተች። የመጀመሪያዋ ልጅ ማርያም ዓይነ ስውር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1659 ኤልሳቤጥ የምትባል ወጣት አገባ። በዓመቱ፥ በኅዳር ወር 1660፥ ያለ መንግሥት ፈቃድ ሰብከሃል ተብሎ ተያዘ። ኤልሳቤጥ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ በድንጋጤ ምጥ ያዛት፤ ሕፃኑም ሞተ። እርሷ ግን ተነሥታ የማትወልዳቸውን አራት ልጆች ማሳደግ ቀጠለች። ስለ ባሏ አቤት ለማለት ለንደን ድረስ ሄደች። በነሐሴ 1661 ዳኞች በቤድፎርድ ስዋን በሚባለው የእንግዳ ማረፊያ ሲሰበሰቡ ገብታ ተሟገተች። ከዳኞቹ አንዱ ማቴዎስ ሄል አዘነላት፤ ሌሎቹ አመናጨቁት እንጂ አልሰሟትም። እያለቀሰች ወጣች። ያለቀሰችውም ስለ ጭካኔያቸው ብቻ ሳይሆን በጌታ ፊት የሚሰጡትን መልስ አስባ እንደነበር ተጽፏል።

ቡንያን 12 ዓመት ታሰረ። መስበክ አቆማለሁ ቢል ይለቀቅ ነበር። በወህኒው ውስጥ ረጃጅም የልብስና የጫማ ማሰሪያ ክሮች እየሠራ ለቤተሰቡ ሳንቲም ይልክ ነበር። ከእስራቱ ሁሉ የከበደው ከሚስቱና ከልጆቹ መለየት፥ ይልቁንም የዓይነ ስውሯ ልጁ ነገር እንደ ነበረ ጽፏል። ወህኒው ዛሬ የለም፤ በመንገዱ ላይ ቦታውን የሚያመለክት ምልክት አለ። በሩ ግን በሙዚየሙ ተቀምጧል። ባለቤቴ ከዚያ ከባድ እንጨት ፊት ብዙ ቆመች። «ይህ ሰው ጆሮውን አልደፈነም» አለችኝ። «ታስሮ ሳለ እንኳ ልጁን ይሰማት ነበር።»

ውድ አንባቢ ሆይ፥ መለያየት ሁሉ አንድ አይደለም። ቡንያንን ከቤቱ ያራቀው ስለ ጌታ ስም የመጣ እስር ነው። ኤልሳቤጥም ሸክሙን አብራ ተሸከመች። እኔን ግን ያሰረኝ ዳኛ አልነበረም። ከቤቴ ያራቀኝ «እምቢ» ማለት ያልቻልሁበት የራሴ ፕሮግራምና የሰዎች ጭብጨባ ነበር። ይህን በዚያ በር ፊት ተናዘዝሁላት።

ወደ ውቡ ቤት፦ የዳገቱ ትምህርት

በአካባቢው የእግር ተጓዦች ማኅበር ያዘጋጀው የጆን ቡንያን መንገድ የሚባል የእግር መንገድ አለ። ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በእርሻ፥ በጫካና በመንደር መካከል ያልፋል። እኛ የሄድንበት ጥቂቱን ነው፤ ከአምትሂል ከተማ ወደ ሃውተን ቤት የሚወስደውን ክፍል። ይህ ቤት እ.ኤ.አ. በ1615 ገደማ ለአንዲት ባለ ማዕረግ ሴት የተሠራ ነው። ክርስቲያን ያረፈበት «ውቡ ቤት» የተሳለው ከዚህ ነው፥ ወደ እርሱ የሚያወጣውም ዳገት የመጽሐፉ «የችግር ኮረብታ» ነው ይባላል። ዛሬ ጣራ የለውም፤ ግድግዳው ብቻ በኮረብታው ላይ ቆሟል። መግቢያ አይከፈልበትም።

ዳገቱን ስንወጣ እንደ ልማዴ ቀደምሁ። ዘወር ብዬ ሳይ ባለቤቴ ጉልበቷን ይዛ ቆማለች። አልጠራችኝም። ለስንት ዓመት እንዲህ ሳትጠራኝ ቆማ ይሆን? ተመለስሁ። እጇን ይዤ በእርሷ እርምጃ ልክ ወጣን። ሃያ ደቂቃ የሚፈጀው መንገድ ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። እውነቱን ልንገርዎ፤ አበባውንም ወፉንም ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ከፍርስራሹ ሥር ተቀምጠን የመጽሐፉን ሁለተኛ ክፍል ከፈትን። ብዙ ሰው ይህን ክፍል አያነበውም። ቡንያን የመጀመሪያውን ካሳተመ ከስድስት ዓመት በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ1684፥ ያንኑ መንገድ እንደገና ጻፈ። በዚህ ጊዜ ግን ተጓዦቹ የክርስቲያን ሚስት ክርስቲያና፥ አራት ወንዶች ልጆቿና ምሕረት የምትባል ጎረቤቷ ናቸው። ረግረጉም፥ ኮረብታውም፥ ወንዙም ያው ነው። አካሄዱ ግን ተለወጠ። ክርስቲያን ብዙውን መንገድ እየሮጠና እየታገለ አለፈው። እነዚህ ግን ልጅ ሲደክመው ያርፋሉ፤ ልጅ ሲታመም ሐኪም ይጠራሉ፤ በመንገድ ሠርግ ይደግሳሉ። ልበ ሙሉ የሚባል ጠባቂ ከፊታቸው ይሄዳል። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው፥ ፈሪና ደካማ ሰውም ተቀላቅሏቸዋል፤ ማንም ወደ ኋላ አልተተወም። ሁሉም በጊዜያቸው ወደ ወንዙ ደረሱ።

ያዕቆብ ከዔሳው ጋር ሲገናኝ ያደረገውን ያስታውሳሉ? ወንድሙ አብረን እንሂድ ሲለው፥ ልጆቹ ደካሞች ስለሆኑ በእነርሱ እርምጃ ልክ ቀስ ብዬ እመጣለሁ አለው (ዘፍ 33፥13-14)። ሌሊቱን ከእግዚአብሔር ጋር ሲታገል ያደረ ሰው በማግስቱ በልጆች እርምጃ ሄደ።

የመጨረሻው ጉዞ

ቡንያን የሞተው በነሐሴ 1688 ነው። አንድ አባትና ልጅ ተጣልተው ሊያስታርቃቸው በፈረስ ሄደ። ካስታረቃቸው በኋላ ወደ ለንደን ሲመለስ ከባድ ዝናብ መታው፤ በዚያው ታሞ አረፈ። በስብከቱ የታወቀው ሰው በመጨረሻ ጉዞው የአንድ ቤት ሰላም ነበር የፈለገው።

እርስዎ እንግሊዝ አገር መሄድ አያስፈልግዎትም። ከቤትዎ እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለው መንገድ ይበቃል። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ስልክዎን ቤት ትተው ከትዳር ጓደኛዎ ጋር በእግር ይሂዱ። ማታ ማታም ሁለተኛውን ክፍል ጥቂት ጥቂት ገጽ አብራችሁ አንብቡ። ሲጨርሱ እነዚህን ጥያቄዎች ተጠያየቁ፦

1. በጉዟችን ቀድሞ የሚሄደው ማን ነው? ወደ ኋላ የቀረውስ?
2. ሰምቼ እንዳልሰማሁ ያለፍሁት የትኛውን ጥሪህን ወይም ጥሪሽን ነው?
3. ከቤት የሚያርቀን ሥራ የጌታ ትእዛዝ ነው ወይስ የራሳችን ምርጫ?

እኛ ከተመለስን ወዲህ በወር ከአንድ በላይ የውጭ አገልግሎት አልቀበልም። አንዳንድ ወንድሞች ቀዝቅዟል ብለውኛል። ባለቤቴ ግን አሁን በመንገድ ስንሄድ ትናገራለች፤ እኔም እሰማታለሁ።

ጌታ ጉዟችሁን ይባርክ።