የልብስ አጣቢዎቹ እንዶድ

የጤና ትምህርት ለመማር ዩኒቨርሲቲ የገባህ ወንድሜ፣ ለመግባትም የምትዘጋጂ እህቴ፣ ዛሬ ስለ እንዶድ ላጫውታችሁ። ገጠር ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። አያቴ ነጠላዋን የምታጥበው በእንዶድ ነበር፤ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ውስጥ ሲታሽ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዐድዋ ሄዱ። የዚህ በሽታ ትል ወደ ሰው የሚተላለፈው በውሃ ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ በኩል ነው፤ ከቀንድ አውጣው ይወጣና ወንዝ የገባውን ሰው ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ዶክተሩም ቀንድ አውጣ ፍለጋ ወንዝ ለወንዝ ሲሄዱ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ብዙ የሞቱ አገኙ። በሕይወት ያሉትን ለቅመው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶዷን አረፋ እንድትጨምርባቸው ለመኗት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ከታሪኩ ሁሉ እኔ የምወደው ይህችን ልመና ነው። አሜሪካ ድረስ ሄዶ ጆንስ ሆፕኪንስ የተማረ ሰው ወንዝ ዳር ያለችን እናት ጠየቀ!

ከዚያ በኋላ ያለው የዓመታት ሥራ ነው። ከ1969 እስከ 1974 በዐድዋ ወንዞች ላይ እንዶድ ተሞክሮ፣ በትንንሽ ልጆች ዘንድ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ታዲያ ዓለም እሰይ ብሎ ተቀበለው? የለም። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረገው ምርመራ አይበቃም፣ መርዛማነቱ በውጭ ቤተ ሙከራ እንደገና ይፈተሽ ተባለ። ለዚያ ገንዘብ ሲፈለግ ዓመታት አለፉ። ጥንቃቄው ባልከፋ፤ እንዶድ ዓሣም ይገድላልና። የሚያንገበግበኝ፣ ልጆቹ የሚታመሙት እዚህ ሆኖ የመፈተሻው ገንዘብ በሌላ አገር መሆኑ ነው። ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ሲቀበሉ፣ ከዚያች የወንዝ ዳር ቀን 25 ዓመት አልፎ ነበር።

እኔም ዛሬ አስተማሪ ነኝ። ተማሪ የጥናት ርዕስ ይዞ ሲመጣ «ማንን ጠይቀህ መጣህ?» እለዋለሁ። አብዛኞቹ ያነበቡትን ጽሑፍ ይጠሩልኛል፤ ማንበቡም ይገባል። ባለፈው ዓመት ግን አንዲት ልጅ «ውሃ የሚቀዱትን» አለችኝ። ደብተሯን ገልጣ ስለ ሰፈራቸው ምንጭ የነገሯትን ሰባት ገጽ አነበበችልኝ። ርዕሷን በዚያው ቀን ፈረምኩላት።