ግድግዳው ሲያልበው

ባለፈው ክረምት ከላይኛው ፎቅ ጎረቤቴ ጋር ልጣላ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከጫማ ነው። ሐምሌ መግቢያ ላይ፣ ለሠርግ ብቻ የማደርጋትን የቆዳ ጫማ ከቁም ሳጥን ሳወጣት አረንጓዴ ፀጉር አብቅላለች። ባለቤቴ ጋቢውን ሳበችው። እርጥብ ነው እንዳይባል አይጨመቅም፣ ደረቅ ነው እንዳይባል ይቀዘቅዛል፣ ሽታው የከረመ ጎተራ ነው። ቁም ሳጥኑን ጎትተን ከግድግዳው ስናላቅቀው፣ ከጥጉ ጀምሮ እስከ ወገብ ድረስ ጥቁር አዝሙድ የተበተነበት መስሎ ጠበቀን። የልጃችን አልጋ ከዚያ ግድግዳ አንድ ክንድ አይርቅም። ልጁ ደግሞ ከሰኔ ጀምሮ ሳል አልለቀቀውም። ሳሉ ከዚያ ይሁን ከሌላ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ስለ ቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ባወጣው መመሪያ፣ በእንዲህ ያለ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ለመተንፈሻ አካላት ችግርና ለአስም ይበልጥ እንደሚጋለጡ ጽፏል። ይሄን ያነበበ አባት ተረጋግቶ አይቀመጥም።

ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ፍርዱን ያውቀዋል፦ ከላይ ቧንቧ ፈሷል። እኔም በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወጥቼ በር አንኳኳሁ። ሰላምታዬን እንኳ በወጉ ሳልጨርስ "እትዬ፣ ኧረ ቧንቧዎን ያሠሩልኝ፣ ቤቴ በሰበሰ" አልኳቸው። ሴትዮዋ ትልቅ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። "ግባና እይ ልጄ" አሉኝ። ገባሁ። ሻወር ቤታቸው ደረቅ፣ ወጥ ቤታቸው ደረቅ። የመኝታ ቤታቸውን ቁም ሳጥን ግን ገፋ አድርገው ሲያሳዩኝ ያው ጥቁር አዝሙድ። "እኔም ይኸው የላይኛዋን እየጠረጠርኩ ነው" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የላይኛዋ የመጨረሻው ፎቅ ላይ ናት። እሷ ማንን እንደምትጠረጥር እግዜር ይወቀው።

ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁ፤ ሁለት ሴራሚክ ሰብሮ ደረቅ ቧንቧ አሳየኝና ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ቀለም ቀቢ ጠራሁ፤ "ዘይት ቀለም ካገኘ አይመለስም" ብሎ በላዩ ቀባበት። በሦስተኛው ሳምንት ጥቁሩ አዲሱን ቀለም እየሰነጠቀ ብቅ አለ። ያወጣሁትን ገንዘብ እዚህ አልጽፈውም፣ ባለቤቴ ፖስቶቼን ታነባለች።

መፍትሔው የመጣው በፌስታል ነው። የሰፈራችን አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ግድግዳውን በጣታቸው ጀርባ ቆርቆር አደረጉና "ፌስታልና ፕላስተር አምጣ" አሉኝ። ፌስታሉን ቀደው አንድ ክንድ በአንድ ክንድ የሚሆን ቁራጭ ከግድግዳው ላይ ለጠፉ፣ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አሸጉት። "እስከ ከነገ ወዲያ እንዳትነካው።" በሦስተኛው ቀን ማለዳ መጥተው መብራት አስበሩኝ። ፌስታሉ በእኛ በኩል ጤዛ ይዟል፤ ጠብታው ቁልቁል ሸርተት ሸርተት ብሎ መስመር ሠርቷል። ሲልጡት ከሥሩ ያለው ግድግዳ ደረቅ ነው።

"ከቧንቧ ወይም ከመሬት የመጣ ቢሆን ኖሮ ውሃው ከፌስታሉ ሥር ነበር የሚጠራቀመው" አሉኝ። "ይሄ ከክፍሉ አየር ነው። የራሳችሁ ትንፋሽ ነው ልጄ።"

እኔ ለወር ያህል የሰው ቧንቧ ስከስ የከረምኩት በራሴ ትንፋሽ ነበር ማለት ነው።

በኋላ ልዩነቱን ለማወቅ ዓይኔን አሠለጠንኩ። ከጣራ ወይም ከቧንቧ የሚፈስ ውሃ ኮርኒስ ላይ ቡና የፈሰሰበት ወረቀት የመሰለ ቀለበት ይሠራል። ከመሬት የሚወጣው ምድር ቤት ያሉትን ነው የሚያጠቃው፣ ከታች ወደ ላይ ይወጣል፣ ልስኑን እያረገፈ ነጭ ጨው የመሰለ ዱቄት ይተዋል። የትንፋሽ ውሃ ግን ቀለበትም ጨውም የለውም። ጥግ ይወዳል፣ የመስኮት ዙሪያ ይወዳል፣ ከሁሉ በላይ የቁም ሳጥን ጀርባ ይወዳል።

ለምን እዚያ? አየር ውሃ የሚይዘው እንደ ሙቀቱ ነው። 20 ዲግሪ የሞቀ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 17 ግራም ውሃ በእንፋሎት መልክ መሸከም ይችላል። 10 ዲግሪ ላይ ሲወርድ አቅሙ 9 ግራም ብቻ ነው። የነሐሴ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ 10፣ 11 ዲግሪ ይደርሳል፤ የብሎኬት ግድግዳችን ያንን ብርድ ሲጠጣ ያድራል። ሞቃቱ የመኝታ ቤት አየር ቀዝቃዛውን ግድግዳ ሲነካ ሸክሙን ያራግፋል። ከቁም ሳጥን ጀርባ ደግሞ የክፍሉ ሙቀት አይደርስም፣ አየሩም አይንቀሳቀስም። ሻጋታው ለመብቀል ውሃ ጠብ እስኪል እንኳ አይጠብቅም፤ ግድግዳውን የሚነካው አየር ለቀናት 80 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ ከቆየለት ይበቃዋል።

ውሃው ከየት መጣ ብዬ መቁጠር ስጀምር ደነገጥኩ። አንድ የተኛ ሰው በአንድ ሌሊት በትንፋሽና በላብ ሩብ ሊትር ገደማ ይለቃል። እኛ ሁለት፣ ልጁ ሲጨመር ሁለት ተኩል ነን። ሳሎን ውስጥ በገመድ የሚሰጣው የሕፃን ልብስ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ባለቤቴ እንጀራ ስትጋግር ምጣዱ በተከፈተ ቁጥር ጣራ የሚደርሰው እንፋሎት አለ። ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ጋዙ ነው። የሲሊንደር ጋዝ ሲነድ የሚወጣው አንዱ ነገር ውሃ ነው፤ አንድ ኪሎ ጋዝ አንድ ሊትር ተኩል የሚያልፍ ውሃ በእንፋሎት ይሰጣል። 12.5 ኪሎ ሲሊንደር አልቆ በተቀየረ ቁጥር፣ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ወጥ ቤት ውስጥ ተደፍቷል ማለት ነው። እኛ ሰፈር ቧንቧ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው። ይሄ ጀሪካን ግን ሳንሰለፍ ነው የሚደርሰን።

አንድ ማለዳ የመኝታ ቤቱን መስኮት መስታወት በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ ጨርቁን ሲኒ ላይ ጨመቅሁት። ሁለት ሲኒ ሞላ። የሦስት ሰው አንድ ሌሊት፣ ያውም መስታወት ላይ ያረፈው ብቻ።

እንግዲህ መስኮት ክፈት ነው መልሱ። እዚህ ላይ ነው ችግሩ፣ ምክንያቱም እኛ ንፋስ የምንፈራ ሕዝብ ነን። ሚኒባስ ታክሲ ውስጥ በክረምት አስቡት። ሰው እንደ ድርቆሽ ታጭቋል፣ መስታወቱ ሁሉ ጭጋግ ለብሷል፣ ሾፌሩ ፊት ለፊቱን በጨርቅ እየጠረገ ይነዳል። አንዱ ተሳስቶ መስኮት ጣት ያህል ቢከፍት ከኋላ "ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ብርድ ልታስመታን ነው!" ይባላል። የኛም ቤት ከአራስነት ጀምሮ እንደዚያ ታክሲ ነበር። አማቴ ሊያርሱ መጥተው መስኮቱን በፎጣ ወትፈውት ሄዱ፤ እኛም ፎጣውን አላነሳነውም።

ይሄን ልማድ መሳቂያ ለማድረግ አይደለም። እናቴ ያደገችበትን የጭቃ ቤት አውቀዋለሁ። ጣራውና ግድግዳው አይገጥሙም፣ በሩ ሥር ድመት ታልፋለች፣ እሳቱ ከንጋት እስከ ማታ አይጠፋም፣ ጭቃና ጭዱ እርጥበት ይጠጣና ፀሐይ ስትወጣ ይመልሳል። እዚያ ቤት ንፋስ ሳይጠሩት ነው የሚገባው፤ መፍራት ልክ ነበር። እኛ ከዚያ ቤት ወጥተን ኮንክሪትና ብሎኬት ውስጥ ገባን፣ ፍርሃቱን ግን እንደ ዕቃ ጭነን ይዘነው መጣን። ደግሞ ሌላ የረሳነው ነገር አለ። እናቴ ጠዋት ጠዋት በሩን ወለል አድርጋ "ቤቱ ይናፈስ" ትል ነበር። ክረምት ሲወጣ ፍራሽና ጋቢ ፀሐይ ሳይመታው እንቁጣጣሽ አይገባም። ንፋሱን ስንፈራ ማናፈሱን ጣልነው።

ባለቤቴ ያቀረበችው ጥያቄ ግን ከባድ ነበር፦ "ውጭ እየዘነበ መስኮት ከፍተን ጭራሽ እርጥበት እናስገባ?" እኔም መጀመሪያ እንደሷ ነበር ያሰብኩት። ሒሳቡ ግን ሌላ ነው የሚለው። ውጭ ያለው አየር በ11 ዲግሪ፣ ዝናብ ውስጥ፣ እስከ አፉ ውሃ ቢጠግብ እንኳ በሜትር ኩብ የያዘው 10 ግራም ገደማ ነው። ያው አየር ቤት ገብቶ 20 ዲግሪ ሲሞቅ 17 መያዝ ይችላል። ገና 7 ግራም የሚሆን ባዶ ኪስ ይዞ ነው የገባው። ስለዚህ ቤቱ ከውጭ ሞቅ እስካለ ድረስ በዝናብም መክፈት ያደርቃል። ቤታቸው ከውጭው ይልቅ ለሚቀዘቅዝ የምድር ቤት ሰዎች በሞቃት እርጥብ ቀትር መክፈት አይጠቅማቸውም፤ ጠዋቱ ይሻላቸዋል።

"ትንፋሻችሁ ነው" የሚለው ቃል ግን የሚያቆስልበት ቦታም አለ። እህቴ እንግሊዝ ነው የምትኖረው፤ የአዋብ ኢሻክን ነገር የነገረችኝ እሷ ናት። ሮችዴል ከተማ፣ ከሱዳን የመጡ ወላጆች ልጅ። ሻጋታ በወረረው ቤት ኖሮ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2020 በሁለት ዓመቱ ሞተ። አባቱ ቤቱን ለሚያስተዳድሩት ደጋግሞ አመልክቶ ነበር፤ እነሱ ግን ችግሩን በአኗኗራቸው አሳበቡት። በ2022 የአሟሟቱን መንስኤ የመረመረችው ባለሥልጣን ልጁን የገደለው ለረጅም ጊዜ ለሻጋታ መጋለጡ እንደሆነ ደመደመች፤ በቀጣዩ ዓመት የማኅበራዊ መኖሪያ ቤት አከራዮች በተወሰነ ቀን ውስጥ እንዲያስተካክሉ የሚያስገድድ ሕግ በስሙ ወጣ። ሰው መተንፈስ አያቆምም። የደብተር ስፋት ያላት የሻወር ቤት መስኮት፣ እንፋሎት ማውጫ የሌለው ወጥ ቤት፣ የሠራው ሰው ጥፋት ነው። ተከራዩን "አንተ ነህ ያበላሸኸው" የምትሉ አከራዮች፣ መጀመሪያ ፌስታሉን ለጥፉ፤ ከዚያ ደግሞ መስኮቱን ለኩ።

እኛ ምን አደረግን? ቁም ሳጥኑን ከውጪው ግድግዳ አንስተን ወደ ውስጠኛው አዞርነው፣ ከኋላው አንድ ስንዝር ተውን። ጠዋት እንደነቃን ሁለት ትይዩ መስኮቶች ለአሥር ደቂቃ ወለል ይላሉ፣ ልጁ ያኔ ሳሎን ነው። እንጀራ ሲጋገር የወጥ ቤቱ በር ይዘጋል፣ መስኮቱ ይከፈታል። ልብስ በረንዳ ላይ ነው፣ ዝናቡ በተወው ቀን። ሻጋታውን በደረቁ ሳንቦርሽ፣ ጓንት አድርገን፣ በውሃ በቀጠነ በረኪና ጠረግነው። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር እንዳትቀላቅሉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። እና እባካችሁ፣ ቤት ለማድረቅ ብላችሁ ከሰል አቀጣጥላችሁ በር አትዝጉ። በየክረምቱ የምንሰማውን መርዶ ታውቁታላችሁ።

ነሐሴ ላይ እትዬን ለይቅርታ ቡና ጠራኋቸው። ፍልሰታ ስለነበር ቡናና ቆሎ ብቻ ነው። የጠዋቱ ዝናብ አላባራም፣ መስኮቱ ክፍት ነው፣ ጀበናው ኤሌክትሪክ ምድጃው ላይ ይንተከተካል። ስለ ፌስታሉ፣ ስለ ትንፋሹ፣ ስለ ሁለቱ ሲኒ ውሃ ሁሉንም ነገርኳቸው። ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ስጨርስ ነጠላቸውን ወደ አንገታቸው ሰበሰቡና "እሱስ ልክ ነህ ልጄ፤ አሁን ግን መስኮቷን ዝጋት፣ ለሕፃኑ ብርድ ነው" አሉኝ።

ለይቅርታ የተጠራ እንግዳ ምን ይባላል? ዘጋሁት። ቶናው ሲቀዳ ዝናቡ አባርቶ እንደሆነ ለማየት ወደ መስኮቱ ዞር አሉ፣ ምንም አልታያቸውም። በነጠላቸው ጫፍ መስታወቱን ጠረግ ጠረግ አደረጉና ጫፉን አገላብጠው አዩት።

"ኧረ ይሄ ሁሉ ውሃ ደግሞ ከየት መጣ?"