ወደ ቶኪዮ የሚጓዝ ሰው የመድኀኒት ስንቅ

አንባቢ ሆይ! ለትምህርት ወደ ባሕር ማዶ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን ሲያሰናዳ ቤተ ዘመድ ሁሉ ይረዳዋል። እናት በርበሬና ሽሮ፣ አክስት ጥቁር አዝሙድ፣ ጎረቤት ደግሞ «ብርድ ሲመታህ ትውጠዋለህ» እያለች የክኒን ብልቃጥ ታቀብለዋለች። ይህ ሁሉ የፍቅር ስጦታ ነው፤ የጉምሩክ ሹም የሚመለከተው ግን ሕጉን ነው።

ለምሳሌ ያህል አበበ ቢቂላ በ1964 እ.ኤ.አ. ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈባትን ቶኪዮን እንውሰድ። የናሪታ አውሮፕላን ጣቢያ ከከተማዪቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የጉምሩኩ ሠራተኛ እጅ እየነሣ በትሕትና ይጠይቅዎታል፤ ሕጉ ግን አይለዝብም።

ለራስ መጠቀሚያ የሚሆን፣ በሐኪም የታዘዘ መድኀኒት የ1 ወር፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጥ መድኀኒትና ቪታሚን የ2 ወር መጠን ያለ ልዩ ወረቀት ይገባል። ከዚህ ለሚበልጠው ከጉዞው በፊት ለጃፓን የጤና ሚኒስቴር አመልክቶ «ዩንዩ ካኩኒንሾ» የሚባለውን ማረጋገጫ መያዝ ያስፈልጋል። እንደ ሞርፊን ላለው ብርቱ ማስታገሻ አስቀድሞ ልዩ ፈቃድ መቀበል ግዴታ ነው። አምፌታሚን ያለበትን የሐኪም ደብዳቤ እንኳ አያስገባውም። ከጉንፋን ክኒኖችም ሱዶኤፌድሪን ከመቶ 10 እጅ በላይ ያለባቸው ክልክል ናቸው፤ የጎረቤት ብልቃጥ ከነዚህ አንዱ ሊሆን ይችላል።

ሕጉ ድኻውን ብቻ የሚይዝ አይምሰልዎ። በ2015 እ.ኤ.አ. የቶዮታ ኩባንያ ከፍተኛ ሹም የነበሩ አንዲት አሜሪካዊት፣ ኦክሲኮዶን የተባለ ማስታገሻ ከአገራቸው በፖስታ ቢመጣላቸው ታሰሩ። ኋላ ያለ ክስ ቢፈቱም ሹመታቸውን ለቅቀዋል።

ከሁሉ የሚያሳስበው የስኳር ሕመም ያለበት ወጣት ነው። ሕጉን ፈርቶ ኢንሱሊኑን ትቶ ቢሄድ ሕይወቱን ትቶ ሄደ ማለት ነው። ለራሱ የሚወጋው የ1 ወር መድኀኒት ይፈቀድለታልና አይስጋ። በእጅ ሻንጣው ይያዘው፤ ኢንሱሊን በዕቃ ክፍል ውስጥ በረዶ ከሆነ ኃይሉን ያጣል። ከዚያ ወዲያ ወሩ ሳያልቅ ሐኪም ይፈልግ። በጃፓን ከ3 ወር በላይ የሚቆይ ተማሪ በብሔራዊ የጤና መድን ስለሚመዘገብ ከሕክምናው ዋጋ የሚከፍለው 30 በመቶውን ነው። መድኀኒት ቤቱም የወሰደውን ሁሉ የሚመዘግብበት «ኦኩሱሪ ቴቾ» የሚባል ትንሽ ደብተር ይሰጠዋል።

እንግዲህ ሳይነሡ ሐኪምዎን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጠይቁ። በደብዳቤው ላይ የፋብሪካው ስም ብቻ ሳይሆን የመድኀኒቱ የራሱ ስምና መጠን ይጻፍ። ስም ከአገር አገር ይለያያል፤ እኛ ፓራሲታሞል የምንለውን ጃፓኖች አሴታሚኖፌን ይሉታል። ሕጉም እንዲሁ ነው፤ ትራማዶልን ወደ ዓረብ ኤምሬቶች ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ይዞ መግባት ያስከስሳል። ስለዚህ የሚሄዱበትን አገር ኤምባሲ አስቀድመው ይጠይቁ።

ክኒኑን ከማሸጊያው አያውጡ። ምንነቱን የማያውቁትን ብልቃጥ ደግሞ፣ የሰጠዎት ሰው የቱንም ያህል ቢወድዎ፣ አመስግነው እቤት ይተዉት።